ከዜሮ በታች ሃያ

ቆቲሌ ክፉ ሰው አይደለም። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩልም ሆነ በማዶ፣ ስለ እሱ የጠየቃችሁት ሁሉ "ቆቲሌማ እምቢ ማለት አያውቅም" ይላችኋል። ይህን የሚሉት ለምስጋና ነው። እምቢ አለማለት ግን ለባለቤቱ መልካም ስም ሲያወጣ፣ ጦሱ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ይተርፋል። በዚያ ዓመት የተረፈው ለፌይዝ ነበር።

ጊዜው ማዶ ያሉት ሁለት ሺህን ለመቀበል ሽር ጉድ የሚሉበት፣ በኬንያ አቆጣጠር ደግሞ 2007 ነበር። ፌይዝ ከናይሮቢ የመጣች የዶክትሬት ተማሪ ናት። ከከብት ገበያው ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየችና አንዱን መኝታ፣ ሌላውን ላቦራቶሪ አደረገችው። ላቦራቶሪ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ፍሪዘር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እያጓራ የሚነሳ ጄኔሬተርና ቆቲሌ፣ በቃ። እሱ ዐሥራ አንድ ዓመት በእንስሳት ክሊኒክ የከብት ደም ሲመረምር የኖረ ሰው ስለሆነ እንዲረዳት ተቀጠረ።

የመጣችው በግመል ገንዲ ጉዳይ ነው። ገንዲ ግመሉን አክስቶ አክስቶ የሚጥል፣ የደረሰች እርጉዝ ግመል የሚያስጨነግፍ በሽታ ነው። የሚያመጣው ደም ውስጥ የሚዋኝ፣ በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ሲሆን፣ ተሕዋሲው የሚባዛው ኪናዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ሲያዝዙት ነው። ችግሩ ኪናዝ በግመሉም ገላ፣ በሰውም ገላ ሞልቷል። ሁሉንም የሚያስር ነገር ብትሰጡት ተሕዋሲውን ከነግመሉ ይገድለዋል። ፌይዝ ከናይሮቢ በበረዶ ሣጥን ያመጣችው ኬሚካላዊ ውሁድ ግን መራጭ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ኪናዝ መካከል የተሕዋሲውን አንዱን ብቻ ለይቶ ያስራል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ገና ስም እንኳ አልወጣለትም፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። መድኃኒትም አይደለም፤ ለላቦራቶሪ ምርምር ብቻ እንጂ ለሰውም ለእንስሳም እንዳይሰጥ በላዩ ላይ ተጽፎበታል።

ቆቲሌ ማታ እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለኸይራ ሲያስረዳት፣ "ብዙ በር ካለው ቤት አንዱን በር ብቻ መርጦ የሚቆልፍ ነገር ነው" አላት።

"ታዲያ ሌባው በሌላው በር አይገባም?" አለችው።

ይህን በማግስቱ ለፌይዝ ቢነግራት ከት ብላ ሳቀች። "ሚስትህ ካስተማሩኝ ሰዎች የበለጠ ጥያቄ ጠየቀች፣ ካካ ቆቲሌ" አለችው። ካካ ትለዋለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ ገና ሳትመረቅ ዳክታሪ፣ ዶክተር፣ ይላታል።

ውሁዱ ተበጥብጦ በአርባ ትንንሽ ብልቃጦች ተከፋፍሎ ነበር። ውሁዱን የሠራው የባሕር ማዶ ላቦራቶሪ የሰጣት ያንኑ ነው፣ ሌላ የለም። ደንቡ አንድና አንድ ነው፤ ብልቃጦቹ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ። ሊሠራበት ሲፈለግ አንዷ ብቻ ትወጣለች። አንዴ የቀለጠች ብልቃጥ በዚያው ቀን ይሠራባታል ወይም ትጣላለች እንጂ ተመልሳ አትቀዘቅዝም፣ እየቀለጠችና እየረጋች ከሰነበተች ኃይሏ ያልቃል። ፌይዝ በጭነት መኪና ወይም በሞተር ብስክሌት እስከ ኡራንና ቦሪ መንደሮች እየሄደች ከታመሙ ግመሎች ደም ስትቀዳ ስለምትውል፣ ፍሪዘሩን የመጠበቁ ሥራ የቆቲሌ ሆነ። ጠዋትና ማታ ሙቀቱን እያነበበ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት የሠርግ ሳምንት ነበር ማለት ይቻላል። ደሙን ከውሁዱ ጋር ቀላቅለው አሳደሩትና በማግስቱ ቆቲሌ ቀድሞ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። ትናንት እንደ ትል ሲርመሰመሱ የነበሩት ተሕዋሲያን ጸጥ ብለዋል።

"ሞተዋል" አለ።

"ዎቴ?" አለችው። ሁሉም ወይ ማለቷ ነው።

"ዎቴ!"

እሷም አየች፣ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። አራት ግመል፣ አራት ሙከራ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እጁን ይዛ ጨፈረች። ናይሮቢ ላለው ፕሮፌሰሯ ደውላ ስትነግረው ቆቲሌ በር ላይ ቆሞ፣ የራሱ ልጅ ፈተና ያለፈች ያህል ደስ ብሎት ያዳምጣት ነበር።

ማዶ ሁለት ሺህ ተከብሮ ባደረ ማግስት ረመዳን ገባ። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን የኸይራ እናት፣ ወይዘሮ ሉባባ፣ አማቻቸው የሚሠራበትን ቤት ሊያዩና እንኳን አደረሰዎ ሊሉ ብቅ አሉ። ሉባባ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የስልጤ ሰው፣ ድንበሩን እንደ ገዛ ደጃፋቸው ሲሻገሩት ሃያ ዓመት ያለፋቸው። በረመዳን ግን ጨርቁን ትተው ለማፍጠሪያ የሚሆን በረዶ ይሸጣሉ፤ በፌስታል የረጋ ውሃ ነው፣ ጾመኛው ገዝቶ ጭማቂው ውስጥ ይሰባብረዋል። እሳቸውና ቆቲሌ አንቱ ይባባላሉ። በእነሱ ቤት አማትና አማች እንዲያ ነው፣ አንዱ ለሌላው ከወንበር ይነሳል፣ አንዱ የሌላውን ቃል አይመልስም።

በዚያ ሰዓት የከተማው መብራት ጠፍቶ ነበር። ሉባባ ፍሪዘሩ ሲያጉረመርም ሰምተው፣ "ማሻአላህ፣ የእናንተ አይጠፋም?" አሉ።

"ጄኔሬተር አለው እናቴ። ቦታም ሞልቶታል። በረዶዎን እዚህ ያስቀምጡ።"

ማን ጠየቀው? ማንም! ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው። አማት ፊት ባዶ እጁን ከመቆም አንድ ነገር ማለት ስለሚሻል ብቻ ያለው ነገር ነበር።

"ኧረ አይሆንም፣ የሥራ ዕቃ አይደል" አሉ ሉባባ።

ደጉ ሰው እዚህ ላይ ቢተወው ምን ነበረበት? ግን አንዴ ግቡ ብሎ ሁለተኛ ያልለመነ ሰው መጀመሪያም ከልቡ አልነበረም ይባላል። "በአላህ ይዤዎታለሁ!" አላቸው።

"እንግዲህ አንቱ ካሉ" አሉና ሄዱ። ቆቲሌ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለው። በማግስቱ ቀትር ላይ ግን ሉባባ ሠላሳ ፌስታል ውሃ በሁለት ዘንቢል አስይዘው ደረሱ።

ሠላሳ ፌስታል የሞያሌ ውሃ ማለት ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውሃ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ሲደረደር ብልቃጦቹ ከሥር ሆኑ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆቲሌ የሙቀት መለኪያውን አየና ደነገጠ፤ ከዜሮ በላይ ሁለት። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ወረቀቱ ላይ ግን "ከዜሮ በታች ሃያ" ብሎ ጻፈ፣ ነገ ስለሚስተካከል። ነገ ሲመጣ ሉባባ ገና በር ላይ ሆነው "አላህ ይስጥልኝ ልጄ፣ የጾመኛ ምርቃት ይድረስዎ" አሉት፣ ከኋላቸው ሌላ ሠላሳ ፌስታል። በረመዳን፣ የጾመኛ ውሃ፣ የሚስቱ እናት! ምን ብሎ ያውጡልኝ ይበል? ከሦስተኛው ቀን በኋላ መለኪያውን ማየት አቆመ። ያላዩት ነገር አይቆጠቁጥም ብሎ ይሆናል። በየጠዋቱና በየማታው ግን ሳያጓድል፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ፣ ከዜሮ በታች ሃያ፣ ከዜሮ በታች ሃያ እያለ ሞላው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሉባባ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረዶውን ጭነው ይሄዳሉ፤ ፌይዝ የምትመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ብቻ ቀድማ ደረሰችና አንድ የተረሳ ፌስታል አየች። "ይሄ በረዶ የማነው?" ስትለው፣ "የእኔ ማፍጠሪያ ነው" አላት። "ኦኬ፣ ለጾመኛ እንግዲህ ምን እላለሁ" ብላ ሳቀችና ክዳኑን መለሰችው። ቆቲሌ በዚያ ቀን ባፈጠረበት ውሃ ጉሮሮው አልራሰም።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ተሕዋሲያኑ መሞት እየተዉ መጡ። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ውሁዱ ውስጥ እየዋኙ ማደር ጀመሩ። ለማነጻጸሪያ የሚጨመርባቸው የድሮው የገንዲ መድኃኒት ግን እንደ ድሮው ይገድላቸዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የደሙ አይደለም፣ የማይክሮስኮፑም አይደለም። ፌይዝ መርፌውን ቀየረች፣ ጓንቱን ቀየረች፣ ውሃውን ሁለቴ አጣራች። እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ሥር ጠቆረ።

ቆቲሌ ምክንያቱን ያወቀው አንድ ጠዋት ያወጣት ብልቃጥ ስትቀልጥ ነው። ከሥሯ ነጭ ዝቃጭ ነበር። ሌላዋን አነሳ፣ እሷም ያው። ውሁዱ ቀን እየቀለጠ፣ ሌሊት እየረጋ፣ ሲመላለስ ሰንብቶ ከመሟሟያው ተለይቶ ወርዷል። ያኔ ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት፤ ፌይዝ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ነበር። እሱ ግን ብልቃጧን በሁለት ጣቶቹ ይዞ ዝቃጩ እስኪጠፋ ነቀነቀና፣ "ይኸው ዳክታሪ" ብሎ ሰጣት።

"አመሰግናለሁ" አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ምስጋና ሲሰማ እንደ ስድብ ያመው ጀመር።

ፕሮፌሰሩ ደጋግሞ ይደውል ነበር። መጀመሪያ ሲጠይቅ፣ ቀጥሎ ሲቆጣ፣ በኋላ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ያ የከፋ ነው። ፌይዝ አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ መጥታ ከቆቲሌ ፊት ተቀመጠች።

"ምናልባት ፍሪዘሩ ተበላሽቶ ውሁዱ ሞቆ ይሆናል አለኝ። ከዚያ ሌላ የሚያድነኝ ምክንያት የለም።"

ቆቲሌ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ወረቀቶች መለሰ።

"ያንተን ወረቀቶች ስጠኝ። ስካን አስደርጌ ልላክለት። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የማምነው የአንተን ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ክዌሊ፣ እውነቴን ነው።"

ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ጠርዙን አስተካክሎ ሰጣት። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ራሱን ይቅር ሊል ያልቻለው በዚህ ነው። ፕሮፌሰሩም ወረቀቶቹን አይቶ ፈረደ። ውሁዱ አንድም ቀን ካልሞቀ ውሁዱ ቀድሞም አይሠራም ነበር፣ ውሁዱ ካልሠራ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ከየት መጣ? ወይ ያላየችውን ጽፋለች፣ ወይ የተመኘችውን አይታለች። ቁጥሩ እውነት እንዳልነበር አምና ፈርማ ከመጣች ሌላ ርዕስ ይሰጣታል። ካልሆነ ነገሩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፣ ትባረራለች።

ቆቲሌ በዚያ ቀን እቤቱ ገብቶ ለኸይራ ነገራት። ሁሉንም አይደለም፣ እናቷ በረዶውን ቢያነሱ መልካም መሆኑን ብቻ።

ኸይራ ቀና ብላ አየችው። "እናቴን በረመዳን ከደጅህ ላባርርልህ? ራስህ በአላህ ይዘሃቸው?"

"ተይው፣ ተይው" አለ። ተወችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ የተወው እሱ መሆኑን ያውቃል። አጥፍቻለሁ ማለት ለአማቱ ስድብ፣ ለእሱ ከሥራ መባረር ነው። ዝም ማለት ደግሞ የአንዲት ልጅ የስድስት ዓመት ትምህርት ነው። ሁለቱን እየመዘነ እግሩ አልንቀሳቀስ አለ። ጾሙን ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ሱጁድ ሲወርድ ግን ዓይኑ ላይ የሚመጣው ነጭ ዝቃጭ ነው።

የረመዳን የመጨረሻ ቀን ከቀትር በኋላ ፌይዝ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች፤ መኪናው ነገ ንጋት ላይ ነው የሚነሳው። ቆቲሌ ሻንጣዋን ሊያስርላት ገመድ ያዘ፣ ቋጠሮው ግን አልሆን አለው። ገመዱን ጣለና እየተጣደፈ ሉባባ ሱቅ ሄደ።

ሉባባ ዘንቢላቸውን እያጠቡ ነበር። ሲያዩት ብድግ አሉ። "ደህና መጡ! አልሐምዱሊላህ፣ አበቃ። አሁን አልደብቅዎም፣ ወር ሙሉ እዚያ ድረስ ስመላለስ ወገቤ ተቆረጠ። ይሄ ጎረቤቴ መሐዲ ትልቅ ፍሪዘር አለው፣ 'እዚሁ አስቀምጪ' እያለ ሲለምነኝ ነው የከረመው።"

"ታዲያ ለምን እዚህ አላስቀመጡም?" አለ ቆቲሌ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

"እንዴት አድርጌ! አማቼ በአላህ ይዘውኝ፣ ትቼ ሰው ቤት ብሄድ አይቀየሙኝም? እርስዎን እንዳላስቀይም ብዬ እንጂ።"

ቆቲሌ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠ። አማቱ ቆመው እሱ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሱ እሳቸውን እንዳያስቀይም፣ እሳቸው እሱን እንዳያስቀይሙ፣ ወር ሙሉ ሲከባበሩ ከርመዋል። በመካከላቸው የተረገጠችው የአክብሮታቸውን ቋንቋ እንኳ የማትሰማ ልጅ ናት። ነገራቸው። ከመጀመሪያው ፌስታል እስከ ወረቀቶቹ ድረስ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው።

ሉባባ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። "የልጅቷን እንጀራ ነው ስናቀልጥ የከረምነው?"

"እኔ ነኝ ያቀለጥኩት። እርስዎ አያውቁም።"

"አለማወቄን ይተዉት። ይሂዱ፣ ይንገሯት። የእኔንም ስም እንዳይደብቁ። ለእኔ ብለው ቢዋሹ አልምርዎትም።"

ሲመለስ ፌይዝ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ዘርግታ ነበር። ፈርማበታለች፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

"ደብዳቤው ውሸት ነው" አላት።

ቀና አለች።

"ቁጥርሽ እውነት ነው። ፍሪዘሩ በየቀኑ ይሞቅ ነበር። የአማቴን በረዶ አስቀምጥበት ነበር። ዝቃጩን አይቼ ነቅንቄ ሰጠሁሽ። ወረቀቶቹንም ሳላይ ነው የጻፍኳቸው።"

ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸችም። ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ መለሰችው። "ብትነግረኝ" አለች፣ "ለእሳቸው ሌላ ፍሪዘር እንፈልግላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አይፈጅብንም ነበር።"

ደብዳቤውን ወደ ራሷ ሳበችው።

"በመጀመሪያው ሳምንት ሞተው ነበር? አንተ አይተሃል?"

"ሞተው ነበር። ካንቺ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዎቴ አልኩሽ እኮ።"

ያኔ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነችና አለቀሰች። "እኔ ፈርሜ የነበረው ለመዳን ብቻ አይደለም" አለች፣ ቃሏ በሳግ እየተቆረጠ። "አምኜው ነበር። ሌሊት ሌሊት ሳስበው፣ አይተሽ ሳይሆን ዋሽተሽ ነው፣ አንቺ ውሸታም ነሽ እያልኩ አምኜው ነበር።"

ቆቲሌ የሥራውን ነገር፣ የአማቱን ነገር፣ የስሙን ነገር ሁሉ አስቦ ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን አላሰበም። ከግመል ደም ውስጥ አንዷን ኪናዝ ለይታ ልታስር የመጣችን ልጅ፣ እውነቷን ከውሸት እንዳትለይ አድርጓታል።

"ፖሌ" አላት፣ አዝናለሁ ለማለት።

"ፖሌህን ያዘው" አለችና ዓይኗን ጠርጋ ስልኩን አነሳች። ደወለች። ሁለት ቃል ብቻ ተናግራ ሰጠችው።

"ሃሎ" አለ። "ቆቲሌ ነኝ ጌታዬ፣ የፍሪዘሩን ሙቀት የምጽፈው።"

"አህ፣ አንተ ነህ!" አለ ፕሮፌሰሩ፣ ድምፁ ሞቅ ብሎ። "ልደውልልህ አስቤ ነበር። ወር ሙሉ አንድ ዲግሪ እንኳ ያልተዛነፈ መዝገብ! ለሌሎቹ ተማሪዎቼ እንደ ምሳሌ እያሳየኋቸው ነው። ከናይሮቢም እንዲህ ንጹሕ ወረቀት አግኝቼ አላውቅም።"

ቆቲሌ ፌይዝን አያት። ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

"ንጹሕ የሆኑት" አለ፣ "ሳላይ ስለጻፍኳቸው ነው።"